ካሜራና ዘንቢል፦ የባቲን የሰኞ ገበያ ከቤተሰብ ጋር ማንሳት

ባቲን አይቷት የማያውቅ ሰው እንኳ ስሟን ያውቀዋል፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ የሚጠራው በእሷ ነው። ከተማዋ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች። መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወርድና ባቲ ሲደርስ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1500 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወደ ሚሌ፣ አልፎም ወደ ጅቡቲ ያቀናል። ተሳቢ የሚጎትቱ መኪኖች መሀል ከተማውን አቋርጠው የሚያልፉት ለዚህ ነው።

ሰኞ ገበያ ነው። ደገኛው ጤፉን፣ ማሽላውን፣ ሽንኩርቱን ጭኖ ይወርዳል፤ የቆላው ሰው ግመልና ፍየሉን እየነዳ፣ ቅቤውን፣ ጨውና ሰሌኑን ይዞ ይወጣል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ አንድ ሚዛን ዙሪያ ይሰማሉ፤ ብዙው ነጋዴ ከሦስቱ ቢያንስ በሁለቱ ዋጋ መጥራት ይችላል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሜዳው ገና ባዶ ነው፤ ሰው ሸራ ይወጥራል፣ ቦታ ይይዛል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ መተላለፊያ ይጠፋል። 9 ሰዓት ካለፈ ደግሞ የሩቁ ሰው ጭነቱን እያጠበቀ መንገዱን ይጀምራል።

የፎቶው ትዕዛዝ የመጣው ከጅዳ ነው። የባለቤቴ ታናሽ እህት እንደ ብዙ የወሎ ልጆች ሳዑዲ ከገባች ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቿም እዚያው ተወለዱ። በኢሞ በደወለች ቁጥር እናቷን “ዛሬ ገበያ ሄድሽ? ማንን አገኘሽ?” ትላለች። አንድ ቀን እኔ ስልኩ ላይ ባቲ ገበያ ያነሳኋቸውን የግመል ፎቶዎች ላሳያት ስል አቋረጠችኝ፦ “ግመልማ እዚህም አለ። የእማዬን የገበያ መንገድ አንሱልኝ። ልጆቼ ጣሳ ምን እንደሆነ አያውቁም።”

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ተከትሎ የመጣ ነው። ስለ ባቲ ገበያ የሚገኘው ፎቶ በአብዛኛው ሦስት ነገር ያሳያል፤ ወገቡ ላይ ጊሌ የሚባለውን ጩቤ የታጠቀ የአፋር ወጣት፣ ፀጉሯ በቅቤ የወዛ ሴት፣ ሰልፍ የያዘ ግመል። ሦስቱም አሉ፣ ውሸት አይደሉም። ነገር ግን ከእነዚያ ፎቶዎች አንድ ሰው ባቲ ውስጥ እህል እንዴት እንደሚገዛ ማወቅ አይችልም። ጅዳ ያሉት ልጆች ደግሞ የሚፈልጉት እሱን ነው፤ አያታቸው ሰኞ ጠዋት ከቤት ወጥተው የት እንደሚቆሙ፣ ከማን ጋር እንደሚከራከሩ፣ ምን ይዘው እንደሚመለሱ።

አብረን የሄድነው አማቴ፣ ባለቤቴ፣ አራተኛ ክፍል የገባች ልጃችን፣ የባለቤቴ አጎትና እኔ ነን። አማቴ ባቲ ተወልደው ኮምቦልቻ የኖሩ ናቸው፤ ሰኞ ሲሆን አሁንም በሚኒባስ ይወርዳሉ። ኮምቦልቻ ውስጥ ሱቅ ሞልቶ ለምን ይደክማሉ ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው መልስ አያገኝም። አጎት በወጣትነታቸው ባቲ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበራቸው።

እኔ የያዝኩት አንድ ያረጀ ዲጂታል ካሜራና 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብቻ ነበር። ይህን የመረጥኩት ሆነ ብዬ ነው። በዚህ ሌንስ ፊት ለማንሳት ሰው በሚያወራበት ርቀት መቆም ግድ ይላል። በረጅም ዙም ከሩቅ የተነሳ ፎቶ ላይ ሰውየው ብቻውን ነው የሚመስለው፤ የሚያወራውም፣ የሚከራከረውም ሰው ከፎቶው ውጭ ይቀራል። ገበያ ውስጥ ደግሞ ብቻውን የሆነ ሰው የለም።

ሳይከፈል ካሜራ አይወጣም

ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ብቻውን ባቲ ገበያ የሚገባ ሰው ብዙ ሳይራመድ ይታወቃል። ሕፃናት “ፎቶ! ብር!” እያሉ ይከተሉታል፤ ትልልቆቹ ፊታቸውን ያዞራሉ ወይም ሻሻቸውን ወደ አፍንጫቸው ይስባሉ። ሁለቱም ምክንያት አለው። ወደ አፋር የሚወርዱ ቱሪስቶች ሰኞን እየጠበቁ ያልፉ ነበር፤ በአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር እየሰጡም አስለመዱ። ፊቱን የሚያዞረው ሰው ደግሞ አንዳንዱ በሃይማኖቱ፣ አንዳንዱ ፎቶው የት እንደሚሄድ ስለማያውቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ባቲንም ነክቷት አልፏል፤ የማይታወቅ ሰው ዕቃ አውጥቶ ወደ እሱ ሲያነጣጥር ቢጠራጠር ማን ይፈርድበታል? እኛም ኬላ፣ ወታደር፣ ድልድይና ባንክ ባለበት አቅጣጫ ካሜራ አላዞርንም።

አማቴ የመጀመሪያው ሰኞ ዕለት ሚኒባስ ውስጥ ደንብ አወጡልኝ። “ልጄ፣ እኔ ሳልከፍል ያንን ነገር እንዳታወጣው።” የጨዋነት ጉዳይ መስሎኝ እሺ አልኩ። የእሳቸው ሐሳብ ግን ዋጋ ላይ ነበር። ካሜራ ከወጣ ሻጯ ሀብታም እንግዳ መጣ ትላለች፤ ለእሳቸው ለዘመናት የጠራችውን ዋጋ ትረሳዋለች፤ ክርክሩም የይስሙላ ይሆናል። ስለዚህ ካሜራው ዘንቢሉ ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ በላይ ተቀመጠ። ዘንቢሉን የምሸከመው እኔ ነኝ።

ይህ ደንብ የፎቶዎቹን ይዘት ወሰነው። ክርክሩን አላነሳሁም፤ ዋጋ ሲጠራ፣ አማቴ “በነቢ! እንዲህ ነው እንዴ?” ብለው ተነስተው ሲሄዱ፣ ሻጯ ከኋላ ስትጠራቸው፣ ይህ ሁሉ አልፏል። ካሜራው የሚወጣው ገንዘቡ ሲቆጠርና መቀነት ውስጥ ሲገባ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ደግሞ ምን ይመጣል? ምራቂ ይመጣል። ሻጭ ክርክሩ ካለቀ በኋላ ያለ ሒሳብ አንድ እፍኝ የሚጨምርበት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ፊት ላይ የነበረው መኮሳተር የሚፈታውም እዚያ ላይ ነው። ያለ አማቴ ደንብ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ክርክሩን አንስቼ፣ የምፈልገውን አገኘሁ ብዬ፣ ምራቂ ሳይደርስ ወደ ሌላ ተራ እሄድ ነበር።

ከሁሉ የምወደው ፎቶ እዚህ የተገኘ ነው። እህል ተራ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ማሽላ ሻጭ። ጣሳው ሞልቶ ተንዷል፤ የሴትዮዋ እጅ ከላይ ሌላ እፍኝ እየለቀቀ ነው፤ ፍሬው ግማሹ አየር ላይ ነው። አማቴ የዘንቢሉን አፍ በሁለት እጃቸው በርግደው ይዘዋል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ሳቅ ገና አልሞላም፤ ይህ ይበቃል ወይስ ትንሽ ጨምሪ ልበል የሚል ፊት ነው። ከታች በኩል የልጄ ጣት ገብታ አንዲት የወደቀች ፍሬ ታነሳለች። ይህን ፎቶ ያዩ የከተማ ወዳጆቼ “ሴቶቹ ዘመድ ናቸው?” ይላሉ። ዘመድ አይደሉም፤ ደንበኛ ናቸው፤ ግን የደንበኝነቱ ዕድሜ ከእኔ ጋብቻ ዕድሜ ይበልጣል።

መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ነው። እህል ተራ፣ ከዚያ ቅመም፣ ከዚያ ቅቤ፣ መጨረሻ ላይ ጨውና ሰሌን። ቅቤ የሚገዙት ቀምሰውና አሽትተው ነው፤ ዘንግ ሰዶ ከሥሩ የሚያወጣ ገዢ አማቴ ብቻ እንዳልሆኑ አይቻለሁ። የጨው ተራው ለካሜራ አስቸጋሪ ነው፤ ቀትር ላይ ነጭነቱ ዓይን ያማል፣ አጠገቡ ያለውን ፊት ያጨልመዋል።

አጎትና የሚመጣው ሰኞ

አጎት ካሜራ የሚይዘውን ሰው የሚያዩበት ዓይን የተለየ ነው። ፎቶ ቤታቸው መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባና ለደንበኛ የሚውል አንድ ኮትና ከረባት ነበረው። ሥራ የሚበዛው ሰኞ ነበር፤ የገጠሩ ሰው ከተማ የሚወጣው ለገበያ ስለሆነ ለመታወቂያ የሚሆነውን ጉርድ ፎቶም በዚያው ይነሳል። ፊልሙ ደሴ ሄዶ ይታጠባል፤ ባለ ፎቶው ቀብድ ሰጥቶ ይሄዳል፣ የሚመጣው ሰኞ መጥቶ ይወስዳል። የሳምንቱ ገበያ ለፎቶው ሥራ እንደ ቀጠሮ ያገለግል ነበር።

እኛም ይህንኑ ወሰድን። ፎቶ ያነሳነውን ሰው ሁሉ ፎቶውን በወረቀት አትመን፣ የሚመጣው ሰኞ እዚያው ተራው ላይ እናደርሳለን። ኮምቦልቻ ውስጥ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትመን፣ በየፖስታው ላይ ተራውንና የተሸጠውን ነገር ጽፈን እንሄዳለን፤ “ቅቤ ተራ፣ ሰማያዊ ሸራ” እንደ ማለት። ብር የሚጠይቁን ሰዎች ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ቀነሱ፤ ወረቀቱን የተቀበለችው ሻጭ ለጎረቤቷ ታሳያለች፣ ጎረቤቷም “እኔንስ?” ትላለች። ብር መስጠት ነውር ነው አልልም። ብቻ ብር ከተሰጠ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ፎቶው ግን መመለስ አለበት፣ መመለሱ ደግሞ ሌላ ወሬ፣ ሌላ ግዢ ያመጣል።

ከአጎት ጋር የተጋጨነው አነሳሱ ላይ ነው። እኔ ሰዎቹን ሥራ ላይ እያሉ እፈልጋለሁ፤ ሲሰፍሩ፣ ሲመዝኑ፣ ሲቀምሱ። አጎት ደግሞ ካሜራው እንደወጣ “ቀጥ በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ ወደኔ” ይላሉ። ሰዎቹም የሚወዱት የእሳቸውን ነው። ሰሌን ሻጩ እጁን ከሥራው አንስቶ፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ክንዶቹን ግራና ቀኝ አሳርፎ ይቆማል። ለእሱ ፎቶ ማለት ያ ነው፤ ተጎንብሶ ገመድ ሲያስር የተነሳውን ሳሳየው “ይሄማ ሥራ ነው” አለኝ፣ እንደማይረባ ነገር።

ባለቤቴ አስታረቀችን። ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ይነሳል፤ አንዱ እሱ የሚፈልገው፣ አንዱ እኛ የምንፈልገው። ታትሞ የሚሰጠው የእሱ ነው። የእኛው ወደ አልበሙ የሚገባው እሱ አይቶ እሺ ካለ ነው። እውነቱን ለመናገር ስንመርጥ ከቆሙት ፎቶዎች ብዙዎቹ አሸነፉ። ሰው ራሱን እንዴት እንዲታይ እንደሚፈልግ የሚናገር ነገር አላቸው፤ ሰሌን ሻጩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከኋላው የተከመረው ሰሌን፣ የእጅ ሥራው ሁሉ ምስክር ሆኖ ቆሟል። የእኔ የተጎነበሰው ፎቶ አጠገቡ ሲቀመጥ ያማረ ቢሆንም ያንሳል።

ቲክቶክ ላይ ነው?

“ለምን ታነሳኛለህ?” የሚል ሰው ጥቂት ነው። የሚበዛው ጥያቄ “ቲክቶክ ላይ ልትለቁት ነው?” የሚል ነው። ሰዉ ገብቶታል። ገበያ ውስጥ መታየት አይጎዳውም፤ ሺህ ሰው እያየው ነው የዋለው። የሚያሳስበው ከገበያው ወጥቶ፣ ሪያድ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ስልክ ላይ፣ ማን እንደጻፈው ከማይታወቅ ወሬ ጋር መታየቱ ነው።

ሕጉም ቢሆን የሚለየው በዚያው መስመር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ ሰውየው ዝነኛ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ሲውል፣ ወይም ፎቶው በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር ሲያያዝ። አንቀጽ 29 ለተነሳው ሰው ማሳየቱ እንዲቆም የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ፍርድ ቤትም ካሣ ሊያስከፍል ይችላል። የገበያ ፎቶ በአንቀጽ 28 በኩል ብዙ ጊዜ መውጫ ያገኛል። የተከራከረ ጠበቃ ያሸንፍ ይሆናል። እኛ ግን የሚመጣው ሰኞ እዚያው ተራ መመለስ አለብን፤ አማቴም ቅቤ መግዛት አለባቸው።

ስለዚህ ፈቃዱን በሦስት ከፈልነው፦ ለቤት ብቻ፣ ጅዳ ላለው ቤተሰብ፣ ለማንም። ይህን ያስገደደን የአንዲት ወጣት ቅቤ ሻጭ ጉዳይ ነው። ፎቶውን ወዳ ተነሳች፤ የታተመውን ስንሰጣት ግን ወንድሟ መጥቶ እንዲጠፋ ጠየቀ። ባለቤቴ ልጅቱን ለብቻዋ አናገረቻት፤ የልጅቱ ፍላጎት ከወንድሟ ይለያል፣ ፎቶውን ትወደዋለች፣ ስልክ ላይ እንዳይዞር ብቻ ትፈልጋለች። ወንድሟን ያናገሩት አጎት ናቸው። በመጨረሻ ያለው ወረቀት ከእሷ ጋር ሆነ፣ ሌላ ቅጂ አልታተመም፣ ፋይሉም “ለቤት” ከሚለው ውስጥ ገብቶ ቀረ። እኔ ብቻዬን ብሆን ከማን ጋር እንደምነጋገር እንኳ አላውቅም ነበር። ሴት ለሴት የሚነገር ነገር አለ፤ ሽማግሌ የሚያበርደውም አለ። ፎቶ አንሺ በሁለቱም ቦታ ምንም ነው።

ስለ ብርሃኑ በአጭሩ። ባቲ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። የጥምጥምና የሻሽ ጥላ ዓይንን ይሸፍናል። ገበያው የሚሞላውም ያኔ ነው። መውጫው ሸራ ሥር መግባት ነው፤ ነገር ግን ሸራው ሰማያዊ ፕላስቲክ ከሆነ ሰው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል፣ ብርቱካናማ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ትኩሳት የያዘው ይመስላል። አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ጆንያ ሰፍቶ የወጠረ ሻጭ ካገኘን እዚያ እንቆያለን፤ ብርሃኑ ለስላሳና ቀለም የለሽ ነው። ፕላስቲኩ ሥር የተነሱትን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርናቸው። ሌላው ነገር ካሜራም ስልክም ደማቁን ሰማይና ነጩን ጨው አይተው ጥቁር ፊትን ማጨለማቸው ነው፤ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ በአንድ ደረጃ ከፍ አድርገን ሰማዩ እንዲጠፋ ፈቀድን። ስልክ ለያዘ ሰው ስክሪኑ ላይ ፊቱን መንካት ይበቃል። አቧራው ስለማይቻል ሌንስ ገበያ ውስጥ አይፈታም፤ እኛማ ሌላ ሌንስም አልነበረን።

ልጃችን የእናቷን ስልክ ይዛ ነው ያነሳችው። የእሷ ፎቶዎች ከፍታቸው የጣሳው ከፍታ ነው። እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ የተከመረ በርበሬ ከጎን፣ ኮንጎ ጫማና በረባሶ፣ ሚዛን ከሥሩ ሲታይ። ሻጮች ለእሷ ሲሉ ፊታቸውን አላዞሩም፤ ብር የጠየቃት ሕፃንም አልነበረም፣ “እስኪ አሳዪኝ” ብለው ስልኩ ላይ ይሰበሰባሉ። አንዱ ልጅ ራሱ ስልኩን ተቀብሎ አያቱን አንስቷል፤ ከአልበሙ አንዱ ገጽ የእሱ ነው። ከብት ተራና መኪና መንገዱ ዳር ግን እጇ ከእናቷ እጅ አይለቅም።

ማታ፣ ስም ሲጻፍ

ከሥራው ሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደው ማታ ማታ ኮምቦልቻ ቤት ውስጥ የምንሠራው ነበር። ቡና ይፈላል፤ ላፕቶፑ ሰሌኑ ላይ ይቀመጣል፤ አማቴ እያዩ ይናገራሉ፣ ባለቤቴ ትጽፋለች። እኔ “ማሽላ ሻጭ” ብዬ የማልፈው ፎቶ በእሳቸው አፍ ሌላ ነገር ይሆናል። ሴትዮዋ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደሚመጡ፣ ባላቸው መቼ እንደሞተ፣ ያን ዕለት ማሽላው ለምን እንደተወደደ፣ ጣሳው የማን እንደሆነ፤ ጣሳ ከጣሳ ይለያል፣ ጥርስ ያለውና የተሰረጎደው ይታወቃል። ሁሉም ይጻፋል። ጅዳ ለሚሄደው አልበም ግማሹ ተቀነሰ፤ የቤቱ ቅጂ ላይ ሙሉው አለ።

ስም ላይ ግትር ነበሩ። ስሙን የማያውቁት ሰው ካለ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ የሚመጣው ሰኞ ወረቀቱን ስናደርስ ተጠይቆ ይሞላል። አንድ ማታ ደክሞኝ “ይሄኛው ያለ ስም ቢቀርስ?” ስል ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። በ1977ቱ ድርቅ ባቲ የተራቡ ሰዎች ከተጠለሉባቸው ትልልቅ ቦታዎች አንዷ ነበረች፤ እሳቸው ያኔ አዲስ እናት ነበሩ፤ መጠለያው ውስጥ ለነበሩ ዘመዶቻቸው ምግብ ያመላልሱ ነበር። “ፈረንጆቹ ያነሱን ነበር” አሉ። “ፎቶው ዓለምን ዞረ አሉ። ስንት ሰው መጣ፣ ስንዴ መጣ፣ አላህ ይስጣቸው። ግን ልጄ፣ ስማችሁ ማን ነው ያለን ሰው አላስታውስም።” ከዚያ ወደ ማያው ተመልሰው የሚቀጥለውን ፎቶ አሳየኝ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለ ስም ይቅር ያለ ሰው የለም፤ ሻጩ ራሱ ስሜን አትጻፉ ካላለ በቀር። እንዲያ ያሉም አሉ፤ ይህም ተጽፏል።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ፋይሎቹን የምናስቀምጠው በቀን፣ በተራና በፈቃድ ዓይነት ነው፤ የፋይሉ ስም ራሱ “ለቤት” ወይም “ለማንም” ይላል። ምክንያቱም ከዓመታት በኋላ አልበሙን የምትከፍተው ልጄ ትሆናለች፤ ያን ጊዜ የሚጠየቅ ሰው ላይኖር ይችላል። ሁለት ቅጂ አለ፤ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ እኛ ቤት።

አልበሙ ጅዳ የደረሰው እንደ ሁሉም ዕቃ በሰው እጅ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ነው። የባለቤቴ እህት በኢሞ ደውላ ገጽ በገጽ እያሳየችን አነበበችው። ትልቁ ልጇ ምራቂው ላይ ቆመ፤ “ከከፈለች በኋላ ለምን ትጨምርላታለች?” ብሎ ጠየቀ፤ አያቱ ሊያስረዱት ሞክረው ሳቅ አሸነፋቸው። ከዚያ እህቷ ራሷ አንድ ጉድለት አገኘች። “ከብት ተራው የት አለ? አባዬ ይዞን የሚሄደው እዚያ አልነበር?”

ልክ ናት፤ ከብት ተራ የለም። አማቴ እዚያ ጉዳይ ስለሌላቸው እኛም አልሄድንም። ሳይገዛ ሳይሸጥ ከብት ተራ የሚቆምን ሰው ደላላው አይወደውም፤ ዋጋ ሊሰልል ወይም ለኮቴ ቀረጥ ከብት ሊቆጥር የመጣ ይመስለዋል። እህቷ መፍትሔውን እዚያው ስልክ ላይ ሰጠች፦ ለአረፋ የሚታረደውን ፍየል ገንዘብ እሷ ትልካለች፣ ግዢውን እኛ እናነሳለን።

አሁን ቤት ውስጥ የሚያከራክረው የአማቴ ደንብ ነው። እህል ተራ ላይ ጥሩው ነገር የሚመጣው ከክፍያ በኋላ ነበር። ከብት ተራ ላይ ግን የሚታየው ከክፍያ በፊት ነው፤ ደላላው የገዢና የሻጭን እጅ በኃይል አያይዞ፣ “በል በቃ! ሸጠሃል!” እያለ ሲጎትታቸው። ገንዘብ መቆጠር ሲጀምር ሁሉም ተበትኗል። አጎት ደላላውን አስቀድመው እንደሚያነጋግሩት፣ ካሜራው ከመጀመሪያው እንዲወጣ ይላሉ፤ አንዱን ደላላ ከፎቶ ቤት ዘመን ጀምሮ ያውቁታል፣ የመታወቂያ ጉርዱን ያነሱት እሳቸው ናቸው። አማቴ አይስማሙም። ካሜራ ያየ ፍየል ሻጭ ስንት እንደሚጠራ እሳቸው ያውቃሉ፤ የሚላከው ገንዘብ ደግሞ የልጃቸው ላብ ነው። ባለቤቴ ከአጎት ጋር ናት፣ ጅዳ ያለችው ከእናቷ ጋር። አረፋ እስኪደርስ ጊዜ አለ።